ልጃችን ዘጠነኛ ክፍል ገባች

ማለዳ ጋምቤላ ከተማ መሃል ቆሞ መንገዱን ያየ ሰው ተማሪ አያጣም። ፀሐይዋ ሳትበረታ ደብተር የያዙና የደንብ ልብስ የለበሱ ወጣቶች ከየሰፈሩ ይወጣሉ። ከፊሎቹ የባሮን ድልድይ በእግር ይሻገራሉ። አንዱ በአኝዋ ቋንቋ ይጫወታል፤ ሌላው በኑዌር ቋንቋ ይመልሳል። አማርኛና ኦሮምኛም ይሰማል። ክፍል ከገቡ በኋላ ግን መጽሐፉ በሌላ ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ብዙዎቻችሁ ፊደልን ያወቃችሁት ካደጋችሁ በኋላ ነው። እናንተ ያላገኛችሁትን ልጆቻችሁ እያገኙ ነው። ስምንተኛ ክፍልን አልፈው ዘጠነኛ ሲገቡ ቤቱ ደስ ይለዋል። «እንግዲህ ልጄ ትልቅ ትምህርት ቤት ገባች፤ የቀረውን መምህራኑ ያውቁበታል» ይባላል። ነገሩ በዚህ ያበቃል ወይ? አያበቃም። ምክንያቱን ቀጥለን እንመልከት።

ትናንት እንዴት ነበር?

ጋምቤላ ከተማ የተቈረቈረችው በንግድ ምክንያት ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። በክረምት ውሃው ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። ከተማዋ በዚያ ዘመን የምትታወቀው በመርከብና በገበያ እንጂ በትምህርት ቤት አልነበረም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው እየሰፋ ሲሄድ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ሆኖም ከእነዚያ 15 ቋንቋዎች መካከል የአኝዋና የኑዌር ቋንቋዎች አልነበሩም። ስለዚህ የባሮ ዳር ጎልማሳ ፊደል የቈጠረው በራሱ አፍ መፍቻ አይደለም። ይህን የቀመሰ ሰው የልጁን ችግር ቶሎ ይረዳል። በማያውቁት ቋንቋ መማር ድካሙ እጥፍ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጀምሩ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የአኝዋ፣ የኑዌርና የመዠንግር ቋንቋዎች በላቲን ፊደል እየተጻፉ ወደ ክፍል ገቡ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ማለትም ዩኔስኮ፣ ልጅ በአፍ መፍቻው ቢጀምር እንደሚሻል የመከረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1953 ነው።

ትምህርቱ ዛሬ እንዴት ተደራጅቷል?

በ2015 ዓ.ም. አዲስ የትምህርት ፖሊሲ ወጥቷል። በዚህ መሠረት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የመጀመሪያ ደረጃ ነው። 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ይባላል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት አራት ዓመታት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ናቸው።

እዚህ ላይ ወላጅ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ቀድሞ ተማሪው 10ኛ ክፍል ሲደርስ ብሔራዊ ፈተና ይወስድ ነበር። አሁን ያ ፈተና ቀርቷል። የ8ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ልጅ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ብሔራዊ ፈተና አያገኘውም። በመሃል አራት ዓመት አለ። በእነዚህ አራት ዓመታት ልጁ ቢደክም ከውጭ መጥቶ «ልጅህ እየወደቀ ነው» ብሎ ለወላጅ የሚነግር ፈተና የለም። አባቶች ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። የትምህርት ድክመትም እንዲሁ ነው። ልጁ በየዓመቱ ክፍል ሲያልፍ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ የሆነውን የሚያውቀው 12ኛ ክፍል ሲደርስ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ምን ነገረን?

በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከቀኑ በፊት ወጥቶ ስለ ተሰራጨ ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ተተካ። ኩረጃም በየቦታው በዛ። ይህን ለማስቀረት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየሄዱ፣ እዚያው እያደሩ በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈተኑ ተደረገ።

ውጤቱ አገሩን ሁሉ አስደነገጠ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም ነበር። ይህም ከመቶው 3.3 ማለት ነው። የ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ከመቶ 3.2 ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ አለ። መሻሻል አለ፤ ግን ገና ትንሽ ነው። በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ተማሪዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ግማሹን አላገኙም።

ይህን የሰማ ወላጅ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። አንደኛው «ፈተናው ነው የከፋው» ማለት ነው። ሁለተኛው «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው» ማለት ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ፈተናው ያሳየን ለብዙ ዓመታት ተሸፍኖ የኖረውን ነገር ነው። በ12ኛ ክፍል የተገለጠው ድክመት የተዘራው በታችኛው ክፍል ነው።

ድክመቱ የሚጀምረው የት ነው?

ለብዙ ዓመታት በጋምቤላ የተሠራበት መንገድ ይህ ነበር። ልጁ እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። 5ኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። አማርኛንም እንደ አንድ ትምህርት ይማራል። እንግዲህ የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሦስት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ቋንቋ ማወቅ ሀብት ነው። ነገር ግን አንዱ ሳይጸና ሌላው ሲደረብበት ልጁ ትምህርቱን ሳይሆን ድምፁን ብቻ ይይዛል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት እንውሰድ። በጋምቤላ ገበያ ዓሣ ትሸጣለች። ፊደል የቈጠረችው በጎልማሶች ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ አታውቅም። ልጅዋ 9ኛ ክፍል ናት። ማታ ማታ እንዲህ ይነጋገሩ ነበር።

«ትምህርቱ እንዴት ነው ልጄ?»

«ደህና ነው እማዬ።»

ነገሩ በዚሁ ያበቃል። አንድ ቀን ግን እናትየዋ ጥያቄዋን ለወጠች።

«እስቲ ከሳይንሱ መጽሐፍ አንድ ገጽ አንብቢልኝ።»

ልጅቱ ሳትደናቀፍ አነበበች። እናትየዋ ደስ አላት።

«ጎሽ! ታዲያ ምን ይላል? በኛ ቋንቋ ንገሪኛ።»

ልጅቱ ዝም አለች። ገጹን መልሳ አየችው። በመጨረሻ፦

«አላውቀውም እማዬ። ማንበቡን እንጂ ነገሩን አልያዝኩትም» አለች።

ልብ በሉ፤ እናትየዋ እንግሊዝኛ ሳታውቅ የልጅዋን ችግር አገኘች። ለዚህ ያስፈለጋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በማግስቱ ዓሣዋን ለጎረቤት አደራ ብላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። የክፍል ኃላፊውን መምህር አገኘች። «ልጄ ታነባለች፤ ግን አይገባትም» አለችው። መምህሩም ብቻዋን እንዳልሆነች ነገራት። ልጅቱ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ማጠናከሪያ ትምህርት እንድትገባ ተስማሙ። ይህ የሆነው በ9ኛ ክፍል ነው። በ12ኛ ክፍል ቢሆን ኖሮ ጊዜው ባለፈ ነበር።

መቅረትና ያለው ጉዳት

ሌላው ትልቅ ችግር ከትምህርት ቤት መቅረት ነው። በጋምቤላ ለመቅረት ብዙ ምክንያት አለ።

አንደኛው የኑሮው ሁኔታ ነው። በኑዌር አካባቢ በበጋ ውሃና ሣር ሲጠፋ ከብቱ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ወጣቱም ከከብቱ ጋር ይሄዳል። ይህ የሚሆነው ትምህርቱ በሚጠናበት ወራት ነው። በባሮ፣ በጊሎና በአልዌሮ ዳር ለሚያርሰው ቤተሰብ ደግሞ በቆሎውና ማሽላው የልጅ እጅ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጎርፍ ነው። ባሮ ከደጋ በሚወርድ ዝናብ ሲሞላ ዳር ዳሩን ያጥለቀልቃል። ትምህርት በሚከፈትበት ወራት መንገዱ ሊቈረጥ፣ ትምህርት ቤቱም ራሱ ሊረጥብ ይችላል።

ሦስተኛው ወባ ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ትንኝ አለ። ልጅ በወባ ሲያዝ ብዙ ቀን ይተኛል፤ ከተነሣም በኋላ ጉልበቱ ቶሎ አይመለስም። አጎበር መዘርጋት ለጤና ብቻ ሳይሆን ለትምህርትም ይጠቅማል የምንለው ለዚህ ነው።

አራተኛው የጸጥታ ጉድለት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር የተሻገሩ ታጣቂዎች በክልሉ መንደሮች ላይ ጥቃት አድርሰው ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከ100 በላይ ሕፃናትም ታፍነው ተወሰዱ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በጋምቤላ ከተማ ውስጥ ተኩስ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት መስደድ ይፈራል። መምህሩም አገሩን ለቅቆ መሄድ ያምረዋል። የጎረቤት ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚዘጋው የልጆች ክፍል ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሳምንት አምስት የትምህርት ቀን አለ። አንድ ልጅ በየሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ ቢቀር ከትምህርቱ አንድ አምስተኛው ይጐድላል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አራት ዓመት ነው። አራት ዓመት ለአምስት ሲካፈል ወደ አሥር ወር ይጠጋል። ይህ ማለት በሳምንት አንድ ቀን የቀረ ልጅ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ትምህርት አጥቶ ለፈተና ይቀመጣል ማለት ነው። «አንድ ቀን ምን አላት!» የምንለው ሰዎች ይህን እናስብ።

የሴት ልጅ ነገር

ሴት ልጅ 9ኛ ክፍል ስትደርስ ለጋብቻ የምትጠየቅበት ዕድሜ ላይ ትደርሳለች። ጥሎሹ ከብት በሚሆንበት ባህል ይህ ለቤተሰቡ ቀላል ፈተና አይደለም። ችግር በጸናበት ዓመት የልጅቱ ጋብቻ የቤቱ መውጫ መንገድ ይመስላል። አባትም በክፋት አይደለም የሚያደርገው።

ሆኖም ነገሩን በሁለት ወገን እንመዝነው። ለጥሎሽ የመጣ ከብት በበሽታ ወይም በድርቅ ሊያልቅ ይችላል። ለወንድም ጋብቻ ተብሎም ተመልሶ ይወጣል። ያወቀች ልጅ ግን ዕውቀቷን ማንም አይነዳባትም። ነርስ ወይም መምህርት ብትሆን ደመወዝዋ ወር በወር ይገባል፤ የምታገለግለውም በቋንቋዋ የሚናገረውን ሕዝብ ነው። በክልሉ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲም አለ። መንገዱ ቅርብ ነው። በተጨማሪም ዕድሜዋ ያልደረሰን ልጅ ከሕግ ውጭ መዳር በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ እንደሚያስቀጣ ማወቅ ይገባል።

ትምህርት ቤቱም የበኩሉን ማሟላት አለበት። ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ ቤትና ውሃ ከሌለ ልጅቱ በየወሩ ጥቂት ቀን ትቀራለች። ይህ የማያሳፍር፣ በወላጆች ስብሰባ በግልጽ ሊነሣ የሚገባ ጉዳይ ነው።

እንግዳውም ተማሪ ነው

ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት ብዙ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ተሰዷል። በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጄዊ፣ በፑኝዶና በሌሎች ጣቢያዎች የተጠለሉት ስደተኞች ከ300 ሺህ በላይ ደርሰዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የክልሉ ነዋሪ ራሱ 307 ሺህ ገደማ ነበር። እንግዲህ እንግዳው በዚያ ቈጠራ ከተገኘው ባለቤት ጋር ተመጣጥኗል ማለት ይቻላል።

የስደተኛውም ልጅ የሚማረው በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ የሚወስደውም ያንኑ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። መጽሐፍ፣ ወንበርና መምህር ሲያጥር ለሁለቱም ያጥራል። «የኛ ልጆች ተነጠቁ» ከማለት ይልቅ ለሁለቱም የሚበቃ ክፍልና መምህር እንዲገኝ አብሮ መጠየቅ ይሻላል። አብረው የተማሩ ልጆች ነገ ወንዙን ተካፍለው በሰላም ይኖራሉ።

የመጻሕፍትና የመምህራን እጥረት

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተግባር ሲውል መጻሕፍት በጊዜው ያልደረሱባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። አንዱን መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ማካፈል ግድ ሆነ። የሒሳብና የፊዚክስ መምህርም ሙቀቱንና ርቀቱን ችሎ በሩቅ ወረዳ እንዲቆይ ማድረግ ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» የሚል ንቅናቄ የጀመረው ሕዝቡ በገንዘቡ፣ በጉልበቱና በቁሳቁሱ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ነው።

መንግሥት የሚሠራው ሥራ አለ። መጽሐፍ ማሳተም፣ መምህር መቅጠር፣ ጸጥታ ማስከበር የመንግሥት ተግባር ነው። ወላጅ ይህን መጠየቅ መብቱ ነው። ነገር ግን ልጅን ማታ ማታ ማየት ወላጅ ለሌላ የማይተወው ሥራ ነው።

እኛ ምን እናድርግ?

ከላይ ከተመለከትነው አምስት ነገር እንያዝ።

1. በሳምንት አንድ ጊዜ ልጃችን ከመጽሐፉ አንድ ገጽ አንብባ በቋንቋችን ትንገረን። ካልነገረችን አንቈጣት፤ መምህሯን እናግኝ።

2. የውጤት ካርዱን ራሳችን እናንብብ። ቁጥር ማንበብ ችለናል። ባለፈው ወሰነ ትምህርት ሒሳብ 60 የነበረ አሁን 48 ከሆነ «ለምን?» እንበል።

3. የቀረችባቸውን ቀናት በወረቀት ምልክት እናድርግ። በወር ከሁለት ከበለጠ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

4. ማታ አንድ ሰዓት የጥናት ጊዜ እንስጣት። ውሃ መቅዳቱና እንጨት ለቀማው በወንድምና በእኅት መካከል ይከፋፈል። መብራት ከሌለ ብርሃን ሳለ ታጥና።

5. የወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ እንሂድ። «እኔ ምን አውቃለሁ?» ብለን ኋላ አንቀመጥ። ዓሣ ሻጭዋ እናት ያወቀችውን እናውቃለን።

የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያላለፈ ልጅ ሕይወቱ አላበቃም። በጥቂት የጐደላቸው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ወስደው እንደገና ይሞክራሉ። ሌላው በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ኤሌክትሪክ፣ ግንባታ ወይም የመኪና ጥገና ሊማር ይችላል። እጁ የሠለጠነ ሰው በጋምቤላ ሥራ አያጣም። ዋናው ነገር ልጁ የሚሄድበትን መንገድ ዐውቆ መርጦት እንዲሆን ነው፤ ወድቆ ተገፍቶ እንዳይሆን።

ነገ ማለዳ ልጆቹ እንደገና የባሮን ድልድይ ይሻገራሉ። ማታ ሲመለሱ «እስቲ አንብቢልኝ፤ ምን ይላል?» የሚል ሰው ቤት ይጠብቃቸው።

ጥያቄዎች

1. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ከተሠራባቸው ቋንቋዎች መካከል የአኝዋና የኑዌር ቋንቋዎች ነበሩን?
2. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መቅረቱ የወላጅን ኃላፊነት የሚያከብደው ለምንድን ነው?
3. ዓሣ ሻጭዋ እናት እንግሊዝኛ ሳታውቅ የልጅዋን ችግር እንዴት አወቀች?
4. አንድ ልጅ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ቢቀር በአራት ዓመት ስንት ያጣል? አስሉት።
5. በእናንተ መንደር ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩበት ዋናው ምክንያት ምንድን ነው? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።

የቃላት ፍች

አፍ መፍቻ ቋንቋ፦ ልጅ መጀመሪያ የሚናገርበት ቋንቋ።
ሥርዓተ ትምህርት፦ በየክፍሉ ምን እንደሚሰጥ የሚወስን የትምህርት ዕቅድ።
ወሰነ ትምህርት፦ የትምህርት ዓመቱ ግማሽ።
ማጠናከሪያ ትምህርት፦ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ለደከመ ተማሪ የሚሰጥ ትምህርት።
ጥሎሽ፦ በጋብቻ ጊዜ ለሙሽራዋ ወገን የሚሰጥ ስጦታ።